የትኛዋ ትንኝ? በሽታ አስተላላፊ ትንኞችን ጂኖም ስለ ማንበብ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

በዚህ ርዕስ ላይ ስናገር ከአድማጭ ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። በመዳፍ አንድ ጊዜ ተመትታ የምትሞትን ፍጥረት የዘር ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊደል በፊደል ለማንበብ ይህን ያህል ገንዘብና ድካም ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? ጥያቄው የዋህ አይደለም። ሐኪሙ ሮናልድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ሴኩንደራባድ በተባለችው ከተማ በአንዲት ትንኝ ጨጓራ ግድግዳ ላይ የወባን ተህዋሲ ባየ ጊዜ ዲኤንኤ ምን ሥራ እንዳለው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ረግረጉን ማድረቅም፣ ቤቶችን ኬሚካል መርጨትም፣ ኋላም በኬሚካል የተነከረ አጎበር ማደልም የተጀመሩት የትንኟ ጂኖም ሳይነበብ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ብቻ 263 ሚሊዮን ያህል የወባ ሕመም እንደደረሰና 597 ሺህ ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ገምቶ ነበር፤ ትናንት በኬሚካሉ ትሞት የነበረችው ትንኝም ዛሬ በብዙ ቦታ በአጎበሩ ላይ አርፋ ምንም ሳትሆን ትነሣለች።

ስለዚህ ለጠያቂዎቼ የምመልሰው በሌላ ጥያቄ ነው፤ በመዳፍ የተመታችው ትንኝ የትኛዋ ናት? ከሦስት ሺህ አምስት መቶ በላይ የትንኝ ዝርያዎች አሉ፤ ወባን የሚያስተላልፉት ግን አኖፊለስ በሚባለው ወገን ውስጥ ያሉ ጥቂት ደርዘን ዝርያዎች ብቻ ናቸው። ከእነዚህም መካከል በማጉያ መነጽር ሲታዩ ፈጽሞ የማይለዩ፣ ጠባያቸው ግን የተለያየ ዝርያዎች ይገኛሉ፤ አንዷ ሰውን ትመርጣለች፣ ሌላዋ ከብትን፤ አንዷ ቤት ውስጥ ታርፋለች፣ ሌላዋ ደጅ። የጂኖም ንባብ ታሪክ በእኔ አስተያየት ይህን ጥያቄ እየጠበበና እየጠለቀ እንዲሄድ ያደረገ ታሪክ ነው። ዛሬ ላወጋችሁ የምፈልገውም በአብዛኛው የመጀመሪያው ንባብ በዚህ ጥያቄ ላይ እንዴት እንደተሰናከለና ከእንቅፋቱ ምን እንደተገኘ ነው።

ጂኖም ስንል አንድ ሕያው ፍጥረት ከወላጆቹ የሚወርሰውን ሙሉ የዘረመል ጽሑፍ ማለታችን ነው። ጽሑፉ አዴኒን (ኤ)፣ ታይሚን (ቲ)፣ ጉዋኒን (ጂ) እና ሳይቶሲን (ሲ) በሚባሉ አራት የኬሚካል ዓይነቶች የተጻፈ በመሆኑ እነዚህን አራቱን በልማድ ፊደላት እንላቸዋለን። የአፍሪካ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ ጋምቢዬ በሦስት ጥንድ ክሮሞዞሞች ላይ የተሰደሩ፣ ከ270 ሚሊዮን የሚበልጡ ፊደላት አሏት፤ የሰው ልጅ ሦስት ቢሊዮን ገደማ አለው። የእርሷ ጂኖም ተነብቦ ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው በኦክቶበር 2002 ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት እርሷ የምትሸከመው ገዳዩ የወባ ተህዋሲ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ጂኖም ኔቸር በተባለው መጽሔት ወጣ። የሰው ጂኖም የመጀመሪያ ረቂቅ ቀድሞ በ2001 ታትሞ ስለነበር፣ ታማሚው፣ ተህዋሲውና አስተላላፊዋ ሦስቱም ጽሑፋቸው በአንድ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋበት ወቅት ነበር ማለት ይቻላል።

የንባቡን ዘዴ ሳይረዱ የደረሰውን እንቅፋት መረዳት ስለማይቻል በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዚያን ዘመን የነበሩት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሊያነቡ የሚችሉት ጥቂት መቶ ፊደላትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ዲኤንኤው በዘፈቀደ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ይሰባበራል፤ ቁርጥራጮቹ ይነበባሉ፤ ከዚያም ኮምፒውተር የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ጋር የሚመሳሰልበትን እየፈለገ መልሶ ይቀጥላቸዋል። እያንዳንዱ ቦታ በአማካይ አሥር ጊዜ እስኪነበብ ድረስ ሥራው ተደጋግሟል። አንድ ረጅም ግጥም በብዙ ቅጂ ተጽፎ፣ ቅጂዎቹ ሁሉ ተቀዳደው፣ ብጫቂዎቹም ተደባልቀው ከተሰጧችሁ ስንኞቹን በመጨረሻና በመጀመሪያ ቃላቸው እያያያዛችሁ ግጥሙን መመለስ ትችሉ ይሆናል፤ በየመሐሉ የሚመላለስ አዝማች ካለው ግን አዝማቹ የተጻፈበት ብጫቂ ከስንተኛው ቤት እንደወጣ የምታውቁበት መንገድ የለም። የትንኝ ጂኖም ደግሞ በአዝማች የተሞላ ነው፤ ራሳቸውን እያባዙ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዘዋወሩ ቅደም ተከተሎች ብዙውን ስፍራ ይዘውታል። ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። የተሰጧችሁ ቅጂዎች በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ከሆነ፣ ሁለት ብጫቂዎች ሲመሳሰሉ የአንድ ቦታ ሁለት ቅጂ ናቸው ወይስ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች የሚለውን እንዴት ትወስናላችሁ?

የመጀመሪያው ንባብ የተሰናከለው በዚሁ በሁለተኛው ነው። የተመረጠችው ትንኝ ፔስት ተብላ ከምትታወቀው የቤተ ሙከራ ዘር የመጣች ነበረች፤ ስሙ ሮዝ ዓይንና መደበኛ የክሮሞዞም አደራደር የሚሉትን ሁለት ባሕርያት ከሚገልጹት የእንግሊዝኛ ቃላት ተውጣጥቶ የተሰጠ ነው። ሮዝ ዓይን ጌጥ አልነበረም፤ ከሌላ ዘር የመጣች ትንኝ ድንገት ብትቀላቀል በዓይኗ ቀለም ወዲያው እንድትታወቅ የሚያደርግ ምልክት ነበር። አደራደሩ መደበኛ እንዲሆን የተፈለገው ደግሞ የዚህች ትንኝ ክሮሞዞሞች አንዳንድ ክፍላቸው ተገልብጦ የመቀመጥ ጠባይ ስላላቸው፣ ሁለት ዓይነት አደራደር ያለበት ዘር ቅጥሉን እንዳያውከው በመሥጋት ነው። ጥንቃቄው ይህን ያህል የተሟላ ነበር። ሆኖም ዘሩ የተገኘው ከናይጄሪያዋ ሌጎስ የመጡ ትንኞች ከምዕራብ ኬንያ ከተሰበሰቡት ጋር ተዳቅለው ነውና፣ ንባቡ ሲጠናቀቅ በጂኖሙ ሰፊ ክፍል ላይ እኩል የሚመላለሱ ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም፤ በጽሑፋቸው መግቢያ ላይ ራሱ ከ400 ሺህ በላይ የአንድ ፊደል ልዩነቶች እንዳገኙና ልዩነቶቹም በጂኖሙ ላይ እኩል እንዳልተሰራጩ፣ በአንዳንድ ቦታ እጅግ በዝተው በሌላው እጅግ እንደሳሱ ገልጸዋል።

ትርጉሙ የተገለጠው ቆይቶ ነው። ጣሊያናዊው ማሪዮ ኮሉዚና ባልደረቦቹ አኖፊለስ ጋምቢዬ የምንላት አንዲት ዝርያ እንዳልሆነች ከጂኖም ንባብ ብዙ ቀድመው ይናገሩ ነበር። ኮሉዚ ይህን ያለው ደም ጠጥታ እንቁላሏ በመብሰል ላይ ካለ ሴት ትንኝ የተወሰዱትን ግዙፍ ክሮሞዞሞች በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ፣ በላያቸው ያሉትን መስመሮች በዓይኑ እየቆጠረ ነው፤ ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራውን ይህን ያህል ሥራ በዓይን ብቻ መሥራት የሚያስገርመኝ ነገር ነው። ኋላ ኤምና ኤስ የተባሉ ሁለት ቅርጾች በዲኤንኤ ምርመራ ተለዩ፤ በ2010 የሁለቱም ጂኖም ለየብቻ ሲነበብ ልዩነታቸው በጥቂት ቦታ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑ ታየ፤ በ2013ም የኤም ቅርጽ ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ በኮሉዚ ስም አኖፊለስ ኮሉዚ ተሰየመች። ያን ጊዜ የፔስት ዘር የሁለቱም ደም የተቀላቀለበት መሆኑ ግልጽ ሆነ። ዓለም ለዓመታት እንደ ማመሳከሪያ ሲጠቀምበት የኖረው ጂኖም የአንዲት ዝርያ ጽሑፍ ሳይሆን የሁለት እህትማማች ዝርያዎች ቅይጥ ነበር ማለት ነው፤ በዱር ውስጥ እንደዚያ ተቀይጣ የምትኖር ትንኝም አልነበረችም።

ይህን ስሰማ ብዙ ጊዜ የሚሰማኝ ሥራውን የማጣጣል ስሜት አይደለም። ጉድለት ያለበት ማመሳከሪያም ቢሆን ከምንም ይሻል ነበር፤ ያስገኘውም ጥቂት አይደለም። ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ፕሮቲን ሠሪ የጂን ቅጂዎች ማስረጃ ተገኘ። ሽታ የሚለዩ 79 ተቀባዮች ተቆጠሩ፤ በ2004ም ከእነዚህ አንዱ በሰው ላብ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ውሕድ ምላሽ እንደሚሰጥ ታወቀ። መርዝን ሰባብረው የሚያስወግዱ ፒ-450 የተባሉ ኢንዛይሞችን የሚሠሩ 111 ጂኖች ተለዩ፤ ኬሚካል በተረጨበት ቤት ውስጥ ትንኟን በሕይወት የሚያቆዩት ከእነዚህ መካከል የሚገኙ ናቸው። በሰውነት የመከላከያ ሥራ ላይ የሚሰማሩ የፕሮቲን ወገኖች ደግሞ ከፍራፍሬ ዝንብ ጋር ሲነጻጸሩ በዝተው ተገኙ፤ ይህም አያስደንቅም፤ ደም የሚጠጣ ፍጥረት ከደሙ ጋር የሚገባውን ተህዋሲ መታገል አለበትና። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይህ ነው፤ ወደ ትንኟ ሆድ ከሚገባው የወባ ተህዋሲ እጅግ ብዙው እዚያው ይሞታል።

የአንድ ፊደል ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ላንሣ። አጎበር የሚነከርበት የፓይረትሮይድ ወገን ኬሚካል ትንኟን የሚገድለው በነርቮቿ ላይ ያለውን የሶዲየም በር እንደተከፈተ እንዲቀር በማድረግ ነው። ይህን በር በሚሠራው ጂን ላይ በአንድ ቦታ ቲ፣ ቲ፣ ኤ የሚሉ ሦስት ፊደላት አሉ፤ የመጨረሻው ኤ ወደ ቲ ሲለወጥ በፕሮቲኑ ውስጥ ሉዊሲን የነበረው አሚኖ አሲድ ፌኒላላኒን ይሆናል፣ ኬሚካሉም በሩን እንደ ቀድሞው መያዝ ይሳነዋል። መካከለኛው ቲ ወደ ሲ ቢለወጥ ደግሞ ሴሪን ይገባል፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። ለውጦቹ የታወቁት ከጂኖሙ ንባብ በፊት ነው፤ እንዲያውም ቦታው እስከ ዛሬ በቤት ዝንብ ፕሮቲን አቆጣጠር 1014 እየተባለ ይጠራል፤ በትንኟ በራሷ አቆጣጠር ግን 995ኛው ነው፤ ለጀማሪ ተማሪ ትልቅ ግራ መጋባት ነው። ጂኖሙ የጨመረው ከጂኑ ግራና ቀኝ ያለውን ጽሑፍ ነው። የጎረቤት ፊደላቱ ሲታዩ ይህ ለውጥ በአንዲት ትንኝ ላይ አንድ ጊዜ ተከስቶ የተስፋፋ ሳይሆን በተለያዩ ቦታዎች በየራሱ ብዙ ጊዜ የተነሣ መሆኑ፣ ከኤስ ወደ ኤም ዝርያም በመዳቀል የተሻገረ መሆኑ ተረጋገጠ። ሁለቱ ዝርያዎች ተለያይተው እንደሚኖሩ ተናግሬ ነበር፤ ግን አልፎ አልፎ ይዳቀላሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚሻገረው ጂን እኛ በኬሚካላችን የመረጥነው ሊሆን ይችላል።

ወደ ሌላዋ ትንኝ ልለፍ። ቢጫ ወባን፣ ዴንጊንና ዚካን የምታስተላልፈው ኤዴስ ኢጂፕታይ ጂኖሟ በ2007 ታተመ፤ ርዝመቱ ወደ 1.38 ቢሊዮን ፊደላት፣ ማለትም የአኖፊለስ ጋምቢዬን አምስት እጥፍ ያህል ነበር። የጂን ብዛቷ ግን አምስት እጥፍ አይደለም፤ ከጽሑፉ ግማሽ የሚጠጋው ቅድም አዝማች ያልኩት፣ ራሱን የሚያባዛ ቅደም ተከተል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ቅጥሉ በሺዎች በሚቆጠሩ ስብርባሪዎች ቀረ፤ ብዙዎቹም ከሦስቱ ክሮሞዞሞች በየትኛው ላይ እንደሚገኙ አይታወቅም ነበር። በ2010 ኩሌክስ የተባለው ሌላው የትንኝ ወገን ጂኖም ሲጨመር ዋና ዋናዎቹ ሦስት የአስተላላፊ ወገኖች ተወከሉ፤ የኤዴስ ጽሑፍ ግን ለአሥር ዓመት ያህል በዚያው ሁኔታ ቆየ።

ዚካ በአሜሪካ አህጉር ሲስፋፋ ሥራው እንደገና ተቀሰቀሰ፤ በ2018 የወጣው አዲስ ንባብም ከመጀመሪያዎቹ ስሕተቶች መማርን በግልጽ ያሳያል። የዲኤንኤው ምንጭ እንዲጠብ ተደረገ፤ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ተነሥቶ ለሦስት ትውልድ ወንድምና እኅት እየተዳቀሉ፣ በመጨረሻም 80 ወንድማማች ትንኞች ዲኤንኤአቸው ለንባብ ቀረበ። መሣሪያውም ተለውጧል፤ ጥቂት መቶ ፊደላትን ሳይሆን ብዙ ሺዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ አንዱን አዝማች ከግራና ከቀኝ ስንኙ ጋር አብሮ ይይዘዋል። በላዩም በሕዋስ ውስጥ የትኞቹ የዲኤንኤ ክፍሎች እርስ በርስ ተቀራርበው እንደሚገኙ የሚያሳይ ዘዴ ተጨመረ፤ ተቀራርቦ የሚገኘው በአብዛኛው በአንድ ክሮሞዞም ላይ ያለው ስለሆነ ስብርባሪዎቹን በቅደም ተከተል ለመስደር ረዳ። ርዝመቱ ወደ 1.28 ቢሊዮን ዝቅ አለ፤ ከቀነሰው ከፊሉ ቀድሞ የአንድ ቦታ ሁለት ቅጂ ሆኖ ሳለ እንደ ሁለት ቦታ ተቆጥሮ የነበረ ነው።

ይህ ንባብ በደንብ ያበራው አንድ ስፍራ አለ። በኤዴስ ወንድነት የሚወሰነው እንደ እኛ በዋይ ክሮሞዞም ሳይሆን በመጀመሪያው ክሮሞዞም ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ክፍል ነው። ኒክስ የተባለው የወንድነት ጂን በዚህች ክፍል እንደሚገኝ የታወቀው በ2015 ነው፤ በ2007ቱ ቅጥል ውስጥ አልነበረም፤ ክፍሉ በአዝማች የታጨቀ በመሆኑ ተዘሎ ነበር። በ2018 የክፍሉ ርዝመት 1.5 ሚሊዮን ፊደላት ያህል መሆኑ ታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒክስ ብቻውን ሴት ሆና የምትወለደውን ወደ ወላድ ወንድ መለወጥ እንደሚችል በሙከራ ታየ፤ እነዚህ ወንዶች ግን መብረር አይችሉም፣ ለመብረር የሚያስፈልገው ሌላ ጂን ከጎኑ ቀርቷልና። የምትነክሰው ሴቷ ብቻ በመሆኗ ይህ እውቀት ለቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ከአዲሱ የኤዴስ ንባብ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ሌላ ደረጃ ተደረሰ። የአንዲት አኖፊለስ ኮሉዚ ትንኝ ዲኤንኤ ብቻ፣ በክብደት መቶ ናኖግራም ያህል የሚሆን፣ ለሙሉ ንባብ በቃ። ማዳቀልም፣ ብዙ ትንኝ መደባለቅም አላስፈለገም። የትኛዋ ትንኝ ለሚለው ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይቺ፣ ብሎ በጣት የሚያመለክት መልስ ተገኘ።

ይሁንና የአንዲት ትንኝ ጽሑፍ የሕዝቡን ሁሉ ጽሑፍ አይወክልም። በ2017 የወጣው ታላቅ ጥናት ከስምንት የአፍሪካ አገሮች፣ ከአሥራ አምስት ቦታዎች በዱር የተያዙ 765 ትንኞችን አንድ በአንድ አንብቦ ከ50 ሚሊዮን በላይ የአንድ ፊደል ልዩነቶችን አገኘ። በአስተማማኝ ሁኔታ ሊነበብ ከሚችለው ክፍል በየሁለት ፊደሉ በአማካይ አንዱ በሆነች ትንኝ ላይ ተለውጦ ይገኛል ማለት ነው። በ2002 በአንድ ዘር ውስጥ ሁለት ጽሑፍ መገኘቱ ያስደነገጠ ቢሆን፣ በዱር ያለው ብዝኀነት ግን ከዚያ በእጅጉ የሚልቅ ነበር።

ይህ ብዝኀነት ትንኟን በጂን ለመቆጣጠር ለሚያስቡት ሁሉ ትልቅ ፈተና ነው። ጂን ድራይቭ የሚባለው ዘዴ በአንድ የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ላይ ቆርጦ ራሱን ያስገባል፣ ከትውልድ ወደ ትውልድም ከተለመደው የውርስ ልክ በላይ ይተላለፋል፤ ዒላማው ላይ አንድ ፊደል የተለወጠባት ትንኝ ካለች ግን ታመልጣለች፣ ልጆቿም ይበዛሉ። ስለዚህ ሊቃውንቱ የፈለጉት ትንኟ ራሷ ልትለውጠው የማትደፍረውን ቦታ ነው። ደብልሴክስ በተባለው፣ ሴትነትና ወንድነት በሚቀረጽበት ጂን ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ተገኘ፤ በ765ቱ ትንኞች ላይ ሲፈተሽ አንድ ብርቅ ልዩነት ብቻ ታየበት። በ2018 በለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በቤተ ሙከራ ዝግ ጎጆዎች ውስጥ በተደረገው ሙከራ ዘዴው በ7ኛውና በ11ኛው ትውልድ መካከል ሁሉንም ትንኞች አዳረሰ፣ የእንቁላሉም ምርት ተቋርጦ ሁለቱም ጎጆዎች ባዶ ቀሩ። በጎጆ የሆነው በደጅ ይሆናል ወይ፣ ደግሞስ ይሁን የሚለው ማነው የሚሉት ጥያቄዎች ከፍተኛ ክርክር የሚካሄድባቸው ናቸው፤ የአንድ አገር ትንኝ የሌላውን አገር ድንበር ስለማታውቅ ፈቃዱ ከአንድ መንግሥት ብቻ ሊጠየቅ አይገባም ከሚሉት ወገን ነኝ።

በመጨረሻ ወደ አንዲት ተጓዥ ትንኝ ልምጣ። አኖፊለስ ስቴፌንሲ የደቡብ እስያና የዐረብ ልሳነ ምድር ነዋሪ ናት፤ ከሌሎቹ የወባ ትንኞች በተለየ በከተማ ውስጥ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ጋንና በርሜል መራባት ይመቻታል። ጂኖሟ በ2014 ታትሞ በ2021 እስከ ክሮሞዞም ደረጃ ተሻሽሏል። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የተገኘችው በ2012 በጂቡቲ ነው። በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ከተማ የተሰበሰቡ ትንኞች ማንነታቸው ሊለይ ሲፈለግ ሙሉ ጂኖም ማንበብ አላስፈለገም፤ ከጂኖሙ ሁለት አጫጭር ክፍሎች ተነበቡ፣ ቀደም ብሎ ከተመዘገቡት ጽሑፎች ጋር ተነጻጸሩ፣ ስቴፌንሲ መሆኗም ተረጋገጠ። አንዱ ክፍል በሕዋስ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ካለው ዲኤንኤ፣ ሌላው በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራውን ራይቦዞምን ከሚሠሩት ጂኖች መካከል የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ከኤክስ ክሮሞዞም ላይ ኤምንና ኤስን መጀመሪያ ለመለየት ካገለገለው ክፍል ጎረቤት ነው።

አመሰግናለሁ።